ቀናተኛው አስታራቂ

ናዝሬት ገበያ ውስጥ ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው «እንኳን ደህና ገባህ» ከመባሉ በፊት «እዚያ ነጭ ሽንኩርት ስንት ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ከደብረ ታቦር ስመለስ እኔንም የጠየቃችሁኝ ይህንኑ ነው። የሽንኩርቱን ነገር በቃል መልሻለሁ። የቀረውን፣ ያን አገር አይታችሁት የማታውቁ፣ ከሱቃችሁ ተነሥታችሁም የማትሄዱ ጎረቤቶቼ እንድታውቁት በጽሑፍ ላስቀምጠው አሰብኩ። ትምህርቴ የቄስ ትምህርት ቤትና የገበያ ነው። ቅኔ የሚፈልግ ደጀ ሰላም ይሂድ።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የማውቀው የጭነት መኪና ሾፌር ሱቄ ደጅ ቆሞ «ጋሼ ሞገስ፣ ከደብረ ታቦር መልእክት አለዎት» ሲለኝ ነው።

«ከማን?»

«ከጌትነት አናጢው። ‹እህትህ የሻረግ ቤቷን ጥላ ገሳይ ያለው ወንድሟ ዘንድ ከገባች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ሚዜ ነህና ና አስታርቀን› ብሎዎታል።»

እህትህ የተባለችው የእናቴ ልጅ አይደለችም። በተወለድኩበት በደብረ ታቦር አገር አንደኛ ሚዜ የሆነ ሰው የሠርግ እንግዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሙሽራዋን ከአባቷ ደጅ አዝሎ የሚያወጣት እሱ ነው። በሽማግሌ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት» ብሎ ቃል ይገባል። ባሏ ቢበድላት አቤት የምትለው ለእሱ ነው፤ ሲጣሉም ካለበት ተጠርቶ ከሴቲቱ ጎን ይቀመጥና እንደ ወንድም ካሳ ይጠይቅላታል። እህት ናትና በሌላ ዓይን አያያትም። ይህን የመጨረሻውን ለመፈጸም ብዙ ሚዜ አይቸገርም። እኔ ግን ተቸግሬአለሁ፤ የሻረግን ከጌትነት በፊት ያየኋት እኔ ነኝና። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእሷም ጭምር።

ለሾፌሩ ፊቴን እንደ ሐዘንተኛ አድርጌ «አይ፣ ምን ነካቸው» አልኩት። ውስጤ ግን ሌላ ነበር። ትይዩ ያለው ሱቅ ቀኑን ሙሉ ገዢ ሳይገባበት ሲውል ነጋዴ የሚሰማው ነገር አለ። ስሙን አናወጣለትም እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ ነው የተሰማኝ።

ባለቤቴ አስካለ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ሰነቀችልኝ። ለስጦታ የሚሆን በርበሬና ሚጥሚጣም ለየብቻ ቋጠረች። «ሰዎቹ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። «እንጃ፤ ስደርስ እሰማለሁ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። በእኛ ቤት ነገር አይበዛም። ከተጋባን ጀምሮ ድምፃችን ከፍ ብሎ ከጎረቤት ጆሮ ደርሶ አያውቅም፤ ይህን ሁልጊዜም እንደ ሀብት እቆጥረው ነበር።

ሰኞ። የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ጉዞ የለምና ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን «ጓድ» ይባላል።

«የጉዞ ምክንያት?»

«የቤተሰብ ጉዳይ።»

«ቅመም ለማምጣት አይደለም?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ነጋዴነቴን ሱቅ ቆልፌበት ሚዜ ሆኜ ነው የምሄደው።»

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። «ንዑስ ከበርቴም ሚዜ ይሆናል?» አለና ማኅተሙን መታው። እውነተኛውን ምክንያት ብነግረው ኖሮ የትኛውን ማኅተም ይመታልኝ ነበር?

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አደርኩ። ስለዚያ አልጋ ብዙ አልናገርም። ትኋኑ ከእኔ በፊት የተከራየ ስለሆነ መብቱ የእሱ ነው።

ማክሰኞ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ መንገደኛው ሁሉ በመስኮት እያየ «ወይ የፈጣሪ ሥራ» ይላል። ገደሉን ማየቴን አልክድም፤ ዓይኔ ግን ከዕቃ መደርደሪያው ላይ ካለው ሻንጣዬ ብዙ አልራቀም። ባይርቅም አላዳነኝም። አንዱ ጥምዝ ላይ አውቶቡሱ ሲዘነበል ሻንጣው ወደቀና የሚጥሚጣው ቋጠሮ ፈነዳ። ከፊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወንበር ሰው ማስነጠስ ጀመረ። አንድ መነኩሴ እያስነጠሱ ያማትባሉ፣ እያማተቡ ያስነጥሳሉ። «የማን ነው ይኼ ሰይጣን?» ይላል ሾፌሩ። እኔም ከሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የማን ይሆን?» አልኩ።

ዳገቱን ወጥተን ኬላ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ሊፈትሸን ገባ። «መታወቂያ ያዙ» ከማለቱ አስነጠሰ። ደገመ። በሦስተኛው ወርዶ በእጁ እለፉ አለን። ኮንትሮባንድ የያዘ ሰው በመካከላችን ከነበረ የአስካለን እጅ ያመስግን።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው ዓይናችን ቲማቲም መስሎ ነው። የአልጋ ቤቱ እመቤት ሳታውቀኝ ሳላውቃት ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አምጥታ ዓይኔን አጠበችልኝ። «ሰው ሞቶብዎ ነው?» አለችኝ። «ሚጥሚጣ ነው» አልኳት። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» ብላ አላመነችኝም። ናዝሬት አልጋ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ፤ ውሃውን በጣሳ ያስከፍሏችኋል።

ረቡዕ። ባሕር ዳር ማለት ውሃ የጨመሩበት ናዝሬት ነው። ሙቀቱ የእኛ ነው፤ ዘንባባውም ያው፤ ሐይቁን ግን እኛ አላገኘነውም። ምሳ ዓሣ በላሁ። ከጎኔ ሁለት ሰዎች ዓሣ በረቡዕ ይበላል አይበላም ብለው ተከራከሩ። እነሱ እስኪስማሙ የእኔ ሳህን ባዶ ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ግን ጌትነትን ነበር። መታት ይሆን? ሌላ ሴት ያዘ? ጠጪ ሆነ? እያንዳንዱን አነሣሁና በእጄ መዘንኩት። እውነቱን ልናገርና፣ የትኛውም ቢሆን አልከፋኝም ነበር።

ሐሙስ። ከባሕር ዳር ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ሐሙሲት ገበያ መካከል ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ መለዋወጫውን አውርዶ ሲያየው እሱም ተነፍሷል። «ወደ ባሕር ዳር ልከን እናስለጥፋለን፣ እስከዚያ ገበያውን እዩ» ተባለ። ገበያ የሚያይ ሰው ቢሉ እኔ ነኝ፤ ግን ዝናብ መጣ። የሰኔ ዝናብ በዚያ አገር እንደኛ አቧራ አርጥቦ የሚሄድ አይደለም፤ ለመቆየት ነው የሚመጣው። ገበሬው ሁሉ ገሳውን ከራሱ ላይ ደፋ። ገሳ ከሣር የሚታታ የዝናብ ልብስ ነው። ከራስ እስከ ጉልበት ያለብሳል፣ ከኋላ ሲያዩት ሰው ሳይሆን ክምር የሚራመድ ይመስላል።

ገሳውን ሳይ ሌላ ነገር ታየኝ።

ጢሜ ገና ሳይበቅል፣ ደብረ ታቦር ከወንዙ ዳር ወዳለው የውሃ ወፍጮ እናቴ እህል አስይዛ ላከችኝ። የሻረግም ተልካ ነበር። ሰፈራችን አንድ ነው፤ ግን እስከዚያ ቀን ከወንድሞቿ ጋር ስትሄድ ከሩቅ ነበር የማያት። ተራ ስንጠብቅ ዋልን። ተራዬ ሲደርስ «ያንቺ ነው» አልኳት። «ያንተ አይደለም?» አለች። «ያንቺ ነው» አልኩ። ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ገሳ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምንም ሳልል አንዱን ጎን ገለጥኩት፤ እሷም ምንም ሳትል ገባች። አህዮቹን ከፊት ነድተን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ዳገቱን ወጣነው። ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነበር።

«አህያችሁ ታነክሳለች» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

በሕይወቴ ያደረግኩት የፍቅር ንግግር ይህ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለኝም። ቀጥሎ ለወራት የጎረቤቱን ሁሉ እህል እየለመንኩ ወፍጮ ሄድኩ። «የሞገስን ያህል ታዛዥ ልጅ ባገሩ የለም» ተባለ። አንዳንድ ቀን ትኖራለች፤ ብዙውን ቀን የለችም። አንድ ቀን ወዳጄ ጌትነት መጣና «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«የት?»

«እነ የሻረግ ቤት። ሚዜዬ አንተ ነህ።»

«እሺ» አልኩት። ምን ልበል? ያልተናገርኩትን ነገር የእኔ ነው ብዬ የት እከሳለሁ? የምወዳትን ልጅ አንድ ቀን አዘልኳት፤ ከአባቷ ደጅ እስከ በቅሎዋ። እሱም ለሌላ ሰው ላደርስ። ዕቃ ማመላለስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ሠርጉ ባለፈ በወራት ውስጥ ወደ ናዝሬት ወረድኩ። ሰው ሁሉ «ንግድ ጠርቶት ነው» አለ።

ይህን ሳስብ ለካ በዝናቡ መካከል ቆሜአለሁ። አንዲት ባልቴት ከጎጇቸው በር ሆነው «ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ይግቡ፤ የቆላ ሰው በዚህ ዝናብ አይቆምም» አሉኝ። የቆላ ሰው መሆኔን በምን እንዳወቁ እንጃ። እሳት ዳር አስቀመጡኝ፤ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡ።

«ወዴት ነው መንገድዎ?»

«ደብረ ታቦር። ባልና ሚስት ላስታርቅ።»

ሴትዮዋ ተነሥተው ውሃ አሞቁ። ጫማዬን አስወልቀው፣ እኔ «ኧረ ይተዉ» ስል፣ ጭቃ የበላውን እግሬን በእጃቸው አጠቡት። «ትዳር ሊያቆም የሚሄድ እግር ነው፤ ይህን አጥቤ አልጸጸትም» አሉ። ጨርሰውም ጉልበቴን ሳሙ። በዚያ ሰዓት መሬት ቢከፈትልኝ ያለ ይለፍ ወረቀት እገባ ነበር።

ጎማው ከሰዓት በኋላ መጣ። ከወረታ በኋላ ቻይኖቹ የሠሩት የጠጠር መንገድ ሽቅብ ይወጣል፤ እኛም በወጣን ቁጥር ብርዱ ይወርዳል። ደብረ ታቦር ስንገባ ሳልፈልገው ጥርሴ ይንገጫገጫል። ናዝሬት ሰው ከሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያራግባል፤ እዚያ ደግሞ ባለሱቁ በጋቢ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ለነጋዴ መልካም ነው፤ ሲዋሽ ፊቱ አይታይም።

ጌትነት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመ ሌሎች ነገሩኝ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ «አይዞህ» አልኩት።

ዓርብ። ስነቃ ሁለት ጋቢ ተደርቦብኛል። የተኛሁትም በባልና ሚስቱ አልጋ ላይ ነው። ጌትነት በሸሚዝ ምድጃው ዳር ተቀምጦ እሳት ይነፋል፤ ሁለቱም ጋቢ የእሱ ነበር። ለአንድ ሰው ክፉ ለማሰብ ተዘጋጅቶ መጥቶ በእሱ ጋቢ ተሸፍኖ መነሣት ትልቅ መከራ ነው።

ምሳ ሽሮ ሠራልኝ። ድስቱን እያማሰለ ሳለ ጎረቤቲቱ በአጥር ላይ «ጌትነት፣ ዛሬስ ምን አቃጠልክ?» አለችው።

«ሽሮ ነው።»

«ትናንትም ሽሮ ነበር ያልከኝ፤ ልጆቼ ግን ጎማ ነው ብለው ተወራረዱ።»

«ብቅ ብለሽ ብታሳዪኝ ምን ነበረበት?»

«የሻረግ ስትመጣ ታሳይህ። ምላስህ ያባረራትን እጅህ ይቻለው።»

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በላነው። ጎማ ነው ያሉት ልጆች ብዙ አልተሳሳቱም።

«በል ንገረኝ፤ ምን አድርገህ ነው?» አልኩት።

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገች ሴት ሁለት ወር አትቀመጥም።»

አቀረቀረና «የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር» አለ። «ጌሾ ጠፍቶ ጠላው ትንሽ ቀጠነ። እኔም ቀመስኩና ‹የእናቴ ጠላ ዛሬ በኖረ› አልኩ።»

«ማኅበርተኛው እየሰማ?»

«ሁሉም እየሰማ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። እንግዳ ሸኘች፣ ዋንጫ አጠበች። ጠዋት ነጠላዋን ለበሰችና ሄደች።»

«ሌላ ነገር የለም? ዱላ? ውሽማ?»

«ኧረ ምን ነካህ ሞገስ።»

ከናዝሬት እስከዚያ ድረስ አራት ቀን በሙሉ የመዘንኩት ሁሉ ባዶ ሆነ። አንድ ዋንጫ ቀጭን ጠላ። ለዚህ ነው ዓይኔ የተቃጠለው።

«ለምን ራስህ ሄደህ አላመጣሃትም?»

«ፈራኋ። ‹አልመጣም› ብትለኝስ? አንተ ካለህ አንተን ታፍራለች።» ምድጃውን ቆሰቆሰ። «ሞገስ፣ ቤቱ ዝም አለኝ። ማታ ስገባ ‹ጫማህን አራግፍ› የሚለኝ የለም። አራግፌ እገባለሁ፤ ግን የሚሰማ ጆሮ ሳይኖር ምን ያደርጋል? ጎረቤቶቼ ‹ደግ ነው፤ አረፍክ› ይሉኛል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት ያስፈራኛል።»

ዝም ያለ ቤት የሚያስፈራው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያች ሰዓት ቅናቴ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ በሚስቱ ነበር የቀናሁበት። ከዚያ በኋላ በጠባቸው ቀናሁ።

ቅዳሜ። እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለን ወደ ገሳይ ሄድን። የጉና ጭጋግ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ሾፌሩ ጥሩምባ እያሰማ በዳበሳ ይሄዳል። ጌትነት አዲስ የታጠበ ኩታ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅቤ ቀብቶ፣ ሙሽራ መስሏል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር የለበሰው። እኔ ደግሞ እንደ ያን ቀኑ ከጎኑ ነኝ።

የወንድሟ የአያ ዳኘው ደጅ ስንደርስ ጌትነት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መምረጥ ጀመረ። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መግባቱ የአገሩ ወግ ነው። አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊያነሣ ሲታገል «ትንሹን ያዝ፤ ለወግ ነው» አልኩት።

«ትንሽ ድንጋይ ለትንሽ ጥፋት ነው» አለኝና ትልቁን አነሣ። ወገቡን ይዞት እያቃሰተ ገባ። የምጠላበት ነገር እየፈለግኩ ነበር፤ አላስገኘኝም።

የሻረግ ከጓዳ ወጣች። ዕድሜ ነክቷታል፤ ከግንባሯ በላይ ነጭ ፀጉር ገብቷል፤ እኔ ግን ለአፍታ ዱቄት መሰለኝ። ጌትነትን አላየችውም። እኔን ትከሻዬን ሳመችኝ።

«ሚዜዬ፣ ምነው ከሳህ? ናዝሬት እህል የለም እንዴ?»

«አለ። የሚያጎርሰን ነው ያጣነው» አልኳት። እንዲህ ማለቴ ለሚዜ አይገባም፤ ግን አለፈ።

በወጉ መሠረት ክሷን ለብቻዬ ልሰማ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የጥጥ ቅርጫቷና እንዝርቷ በሩ አጠገብ ነበሩ። ከዚያ ቦታ መንገዱ ከደብረ ታቦር በኩል እስከ መታጠፊያው ይታያል።

«ብትፈልጊ እዚሁ መቅረት ትችያለሽ» አልኳት፤ በተቻለኝ መጠን እንደ ወንድም። «የአያ ዳኘው ቤት ሰፊ ነው። አንገትሽን የሚያስደፋሽ ሰው ዘንድ ምን ያስሮጥሻል?»

እንዝርቷን አነሣች። «ሁለት ወር ሙሉ ፊቴን ወደዚህ መንገድ አዙሬ ነው የፈተልኩት» አለች። «አንድ መኪና በቆመ ቁጥር ክሩ ይበጠሳል። አንተን ከናዝሬት የሚጠራ ሰው እንዴት ከደብረ ታቦር ገሳይ መምጣት ያቅተዋል? እንዲህ ያለ ፈሪ አይተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አንዴ አየችኝ። ወዲያው አያ ዳኘው «ግቡ፤ ቄሱ መጥተዋል» አለን።

አሁን የሠራሁትን ስሙ። ነጋዴ ናችሁ፤ ገበያ እንዴት እንደሚፈርስ ታውቃላችሁ። መሸጥ የማትፈልገውን ዕቃ «አልሸጥም» አትልም። ዋጋውን ትሰቅለዋለህ፤ ገዢው ራሱ ይሄዳል። ካሳ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጌትነት ድንጋዩን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሟል። ከእሷ ጎን ተቀመጥኩና ጀመርኩ።

«እህቴ የተዋረደችው በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ከእግር እስከ ደረት ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይለካላት።»

«እሺ» አለ ጌትነት፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

አያ ዳኘው ራሱን ነቀነቀ። «መልካም፤ እንግዲህ—»

«አልጨረስኩም። ያን ቀን ቃሉን የሰማ ማኅበርተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቆሞ ‹አጥፍቻለሁ› ይበል።»

ይህ ከበደው። አናጢ ነው፤ ከማኅበርተኛው ግማሹ ደንበኛው ነው። ላቡ በጆሮው በኩል ወረደ። «እሺ» አለ።

ቄሱ «ድንጋዩን ያውርድ» አሉ። እኔ «ገና ነው፣ አባ» አልኩ። የመጨረሻውን አውጥቼ ጣልኩት። «ጠላዋን ነው የነቀፈው። እንግዲያው ለዚያው ማኅበር ጠላውን ራሱ በእጁ ይጥመቅ። ጌሾውን ይውቀጥ፣ ጋኑን ይጠብ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ራሱ ይቅዳ።»

ናዝሬት ይህ ቀልድ ይሆናል። በዚያ አገር ግን ጌሾ የወቀጠ ወንድ ስሙን ልጅ ልጁ ይሸከመዋል። አያ ዳኘው «ሞገስ፣ ምነው አንተ! ወንድ ልጅን?» አለኝ። ቄሱ ወደ ጣራው አዩ። እኔ ጌትነትን ብቻ ነበር የማየው። ድንጋዩን ጥሎ ሲወጣ፣ ኩታውን ሲያራግፍ፣ መንገዱ ላይ ሲያንስ፣ ሁሉንም በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት።

ጌትነት ድንጋዩን በጫንቃው ላይ አደላደለ። ከዚያ «ጥንስሱ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አለኝ።

«ምን?»

«ስንት ቀን እንደሚቆይ አላውቅም። እንዳይበላሽብኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሞኝ አያውቅም። የጠራሁትን ሁሉ ይከፍላል። አራተኛ ዋጋ ስፈልግ ከጎኔ ሳቅ ሰማሁ። የሻረግ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ተነሣችና አጠገቡ ቆመች።

«ይበቃል» አለችኝ። «ጋኑን ሊሰነጥቅብኝ ነው። አንተም ያን ድንጋይ አውርድ፤ ወገብህ ከተያዘ ማን ሊያሽህ ነው?»

አብረው አወረዱት። ቄሱ ባረኩ። አያ ዳኘው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «እንዲህ ነው ሚዜ ማለት! ወንድሟ እኔ እንኳ እንዲህ አልሟገትላትም» አለኝ። ገበያ ላፈርስ ሄጄ ትልቁን ሽያጭ የሸጥኩት ያን ቀን ነው።

እሑድ። ቅዳሜ ማታ አብረን ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን ነበርና ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጌትነት ሻንጣዬን ሊያሰቅል ሲሄድ የሻረግ በመስኮቱ በኩል ነጭ ሽንኩርት በአገልግል አቀበለችኝ። የጎረቤቲቱ ልጆች ጎማ ነው ስላሉት ሽሮ አንሥታ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመችና «እንዲህ መሟገት ታውቅ ኖሯል?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ሞተሩ ተነሣ። ያችን ቃል እስከ ባሕር ዳር አገላበጥኳት፤ ደብረ ማርቆስ አብሬያት አደርኩ። ሌላ ትርጉም ላይኖራት ይችላል። አመስግናኝም ይሆናል። ስትለው ግን ባሏን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ረቡዕ። ናዝሬት ገባሁ። ሙቀቱ እንደ ቤተ ዘመድ በሩ ላይ ተቀበለኝ። አስካለ ደጅ ላይ ሰፌድ ይዛ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ውሃ አቀረበችልኝ፤ ምሳ አቀረበችልኝ።

«ታረቁ?»

«ታረቁ።»

«ጠባቸው ምን ነበር?»

ነገርኳት። ጠላውን፣ ሽሮውን፣ ድንጋዩን፣ የጠየቅኩትን ካሳ። በመስኮቱ በኩል የተባልኩትን ግን ለራሴ አስቀረሁ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ስታይ ከረመች?»

«ሁለት ወር።»

«እንደሚመጣ ታውቃለቻ።»

«ታውቃለች።»

ነገሩ እንደ ልማዳችን እዚያው ያለቀ መሰለኝ። እጄን እየታጠብኩ «በእኛ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠብ የለም» አልኩ።

አስካለ ከሰፌዷ ቀና አላለችም። «እኔም እኮ ሻሸመኔ እህት አለችኝ» አለች። «ስንት ጊዜ ነጠላዬን አውርጄ መልሼ የሰቀልኩት ይመስልሃል?»

«ታዲያ ምነው ሳትሄጂ ቀረሽ?»

«አትመጣም ብዬ ነዋ።»